ዝጊውና ንገሪኝ

ነፋስ መውጫን እንዲህ ብሎ የሰየማት ሰው አልዋሸም። ፀሐይ ስትጠልቅ ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ቤተሰቡን ሁሉ ምድጃ ዳር ይሰበስበዋል። ያን ምሽት መብራት ሄዶ ነበር። የእህቴ ልጅ ጋቢ ተከናንባ፣ የስልኳን ባትሪ አብርታ ሀንድአውቷን ታነባለች። ገጹ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሮዝ ቀለም ጠጥቷል፤ ያልተቀባ መስመር የቀረ አይመስልም። በነርሲንግ ዲግሪዋን ይዛለች፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፋለች። የቀራት የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ምዘና ነው። እሱን ካላለፈች በሽተኛ ዘንድ የምትቀርብበት ወረቀት አይኖራትም።

አባቴ መደቡ ላይ ሆነው ዝም ብለው ሲያዳምጧት ቆዩ። በጉብዝናቸው ወራት የጋይንቷ ቤተልሔም ወርደው ድጓ ያስመሰከሩ መሪጌታ ናቸው።

«ስንት ጊዜ አነበብሽው?»

«ይሄ ሦስተኛዬ ነው አባባ።»

«በይ እንግዲህ ዝጊውና ንገሪኝ።»

ሳቅ ብላ ዘጋችው። ርዕሱ ማግኒዥየም ሰልፌት ነበር፤ እርግዝና ደም ግፊቷን ከፍ አድርጎ የሚያንቀጠቅጣት እናት የምትወስደው መድኃኒት። በደም ሥርና በጡንቻ የሚሰጠውን የመጀመሪያ መጠን በትክክል ተናገረች። በየአራት ሰዓቱ እንደሚደገምም ነገረቻቸው። ከዚያ ቆመች። የሚቀጥለውን መርፌ ከመውጋቷ በፊት እናቲቱ ላይ ምን ምን ማየት እንዳለባት አልመጣላትም። «በሮዝ የቀባሁት ነው፤ ገጹ ላይ ከታች፣ በቀኝ በኩል» አለች። ቦታውን ታውቀዋለች። የተጻፈውን ግን አጣችው።

«ልጄ፣ አይተሽዋል እንጂ አላወቅሽውም» አሉ አባቴ፣ ሳይቆጡ።

ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዤ ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ አደርኩ። ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት እኔም የተማርኩት ነርስነት ነው፤ ለሲኦሲ የሙያ ብቃት ምዘና የተዘጋጀሁትም ልክ እንደሷ ቀለም እየቀባሁ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ወደቅሁ። ያን ጊዜ ስንፍናዬን ነበር የወቀስኩት። ሰነፍ ግን አልነበርኩም፤ በቀን አስር ሰዓት አነብ ነበር። የአጠናን ዘዴዬ ስህተት እንደነበረ የነገረኝ መምህር አላጋጠመኝም።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። ከነፋስ መውጫ እስከ አርብ ገበያ፣ ከስማዳዋ ወገዳ እስከ እስቴዋ መካነ ኢየሱስ ድረስ ነርስነት የገበሬ ልጅ ቶሎ ደመወዝ ይዞ ቤተሰቡን የሚደግፍበት ሙያ ሆኗል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ጤና ለመማር የግድ ሩቅ መሄድ ቀርቷል። ትምህርቱ ቢቀርብም በሩ ላይ የሚጠብቀው ፈተና በዝቷል። የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ምዘናውን በ2011 ዓ.ም ጀመረ። በ2015 ዓ.ም ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች የመውጫ ፈተና አመጣ። የዚያን ዓመቱ ውጤት ያስደነገጠው ብዙ ቤተሰብ ነው፤ ከተፈተኑት 150 ሺህ ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 41 አይሞሉም ነበር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያለፉት 62 ከመቶ፣ በግል ተቋማት 17 ከመቶ ገደማ ነበሩ።

እነዚህ ቁጥሮች የሁሉም ትምህርቶች ድምር እንጂ የነርሲንግ ብቻ አይደሉም። የትምህርት ጥራት መጓደል፣ የመምህራንና የመለማመጃ ዕቃ እጥረትም አሉበት፤ ሸክሙን በተማሪው ትከሻ ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ጦርነት አለ። መንገድ ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ፣ በቴሌግራም የሚላክ ቲቶሪያል የሚጠብቅ ልጅ ባዶ እጁን ነው የሚቀረው። እንዲህ ባለ ቦታ ላለ ተፈታኝ ኢንተርኔትም፣ መብራትም፣ ገንዘብም የማይጠይቅ የጥናት ዘዴ ማወቁ የህልውና ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ዘዴ አለ። ያለውም ነፋስ መውጫ ባለችበት በዚሁ ጋይንት ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ግን አባቴ ያሉት ነገር ለምን እውነት እንደሆነ ላስረዳ።

አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ሲነበብ ዓይን ይለምደዋል። ሲለምደው ያለ ችግር ይፈስሳል፤ ሲፈስስ አእምሮ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ይላል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ፊቱን የምናውቀው ሰው ሰላም ብሎን ስሙ እንደሚጠፋን ማለት ነው። መልኩን ማወቅና ስሙን ከራስ አውጥቶ መጥራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ደጋግሞ ማንበብ የሚያለማምደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። ዋርድ ውስጥ፣ በሌሊት ዲውቲ፣ ብቻዋን የቆመች ነርስ የሚያስፈልጋትም ሁለተኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህንኑ በተማሪዎች ላይ ለክተው አሳዩ። አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት የጥናት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በመጀመሪያው ጊዜ ብቻ አነበበና በቀሩት ሦስቱ ወረቀቱን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ በለጡ፤ 83 ከመቶ ለ71። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አንባቢዎቹ ወደ 40 ከመቶ ወርደው፣ ከራሳቸው እያወጡ የጻፉት 61 ላይ ቆዩ። ሽምደዳ ተማሪን የሚያታልልበት ምስጢር እዚህ ላይ ነው፤ ለዛሬ ማታ ይሠራል፣ ለሳምንቱ ግን ይከዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አስር የጥናት ዘዴዎችን መዝነው ከፍተኛ ጥቅም አላቸው ያሏቸው ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት መከፋፈል። ቀለም መቀባትና ደጋግሞ ማንበብ ዝቅተኛ ከተባሉት ውስጥ ገቡ። ሁለተኛው፣ ማለትም ጊዜን ማራራቅ፣ የቆየ እውቀት ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ፣ የተጠና ነገር በጣም የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ግን አጠፋፉ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። ስለዚህ ክለሳ መጀመር ያለበት በማግስቱ ነው፤ የፈተናው ዋዜማ ሲደርስ ጊዜው አልፏል።

አሁን ወደ ጋይንት እንመለስ። ትውፊቱ ቅዱስ ያሬድ ዙር አምባ ላይ እንዳስተማረ ይናገራል፤ ዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከር የፈለገ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚወጣው ወደዚያ አምባ ነው። ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም ይወረዳል። ከእስቴ አገር የቆማ ፋሲለደስ ስም ከዜማ ጋር ተያይዞ ይነሳል። የእነዚህ ቦታዎች መጠሪያ የሆነው ምስክር ቤት የሚለው ስም ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ተማሪው ማወቁ የሚመሰከርበት ቤት ማለት ነው። ጤና ሚኒስቴር ለነርሶች ያመጣው ምዘና ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የጋይንት ሰው ስለ ፈተናና ስለ ምስክር ለዘመናት ሲያስብበት ኖሯል።

አባቴ የተማሩበትን መንገድ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ቀጸላ ይሉታል። የኔታ ወይም የበለጠ የዘለቀ ተማሪ ዜማውን ያሰማል፣ ተማሪው ይቀበላል፤ ከዚያ ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ጎጆው ይሄድና ብቻውን እያለ ይይዘዋል። ሲመለስ አያነብም፤ በቃሉ ይላል። ከሳተ እዚያው ይታረማል። አዲስ ቀለም ከመቀበሉ በፊት የትናንቱን ያሰማል። ካላሰማ አዲስ አይሰጠውም። «ያላለቀውን ይዞ የሚሄድ የለም፤ የኔታ ዓይናቸው ባያይ ጆሯቸው ያያል» አሉኝ። የቃል ትምህርት የሚባለው ደግሞ ከመሸ በኋላ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ የሚሰጥ ነው። ጨለማው ችግር አልነበረም፤ ከቃል ውጭ ሌላ መሸሸጊያ ስለማይተው የትምህርቱ አካል ነበር።

የእህቴ ልጅ የስልኳን ባትሪ ስታጠፋ ይህን ነበር ያየሁት። በማግስቱ ሌሊት በጨለማ ተቀምጣ ለአያቷ ስለ ማግኒዥየም አሰማች። የትንፋሽ ቁጥር፦ በደቂቃ ከ16 ካነሰ አይሰጥም። የጉልበት ሪፍሌክስ፦ ከጠፋ አይሰጥም። ሽንት፦ ባለፉት አራት ሰዓታት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ካነሰ አይሰጥም። ሁለተኛውን ስትረሳ አያቷ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። ሕክምናውን አያውቁትም፤ ሦስት እንደሆኑ ግን ትናንት ሰምተው ይዘዋል። ከሦስት ቀን በኋላ ሳታስበው ጠየቋት፤ እንጀራ እየጋገረች ነበር። ሦስቱንም አለች።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ነርሲንግ ቃል በቃል መያዝ ነው ወይ? አይደለም። ለዚህም መልሱን የያዘው ይኸው የቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ራሱ ነው። ከጋይንት ወደ ምሥራቅ ሲሻገሩ ዋድላ ይገኛል፤ የዋድላ የቅኔ ቤት ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ ነው። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ግሥ ያወርዳል፣ የቃላቱን እርባታ በቃሉ ይይዛል። ይህ እንደ ድጓው ነው፤ ስንዝር ማዛነፍ አይፈቀድም። ከዚያ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ የራሱን ይዘርፋል። የትናንቱን ቅኔ ደግሞ መንገር፣ የሌላ ሰው ቅኔ ማምጣት ነውር ነው። ቀኑ አዲስ ነው፣ በዓሉም ሌላ ነው፤ ስለዚህ ቅኔውም አዲስ መሆን አለበት። የያዘው ቃል የሚመዘነው አዲስ ነገር ሲገጥመው በሚሠራበት ነው።

የፈቃድ ፈተናው ልክ እንዲህ በሁለት ይከፈላል፤ ብዙ ተፈታኞች የሚሰናከሉት ይህን ባለማየታቸው ይመስለኛል። የጤናማ ሰው ልክ የሆኑ ቁጥሮች፣ የመድኃኒት መጠኖች፣ የክትባት መርሐ ግብር ድጓ ናቸው፤ ተይዘው ማለቅ አለባቸው። ኬዙ ግን ቅኔ ነው። «የ28 ዓመት ሴት፣ ከወለደች ሁለት ሰዓቷ፣ ሁለት ፓድ በደም ሞልቷል፣ ማሕፀኗ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፤ ነርሷ መጀመሪያ ምን ታድርግ?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ አራቱም አማራጮች ትክክለኛ ሥራዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሐኪም መጥራትም፣ የደም ግፊት መለካትም፣ ደም ሥር መክፈትም ይሠራሉ። የተጠየቀው ግን «መጀመሪያ» ነው፤ የላላው ማሕፀን እየታሸ እስኪጠነክር ድረስ ደሙ አይቆምም። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ፈርስት»፣ «ኢኒሻል»፣ «ኤክሰፕት» የሚሉት ቃላት ጥያቄውን ይገለብጡታል። መልሱን እያወቁ እነዚህን ቃላት ዘልለው የወደቁ ልጆች አውቃለሁ።

ስለ ኦልድ ኤግዛም ያለኝ ሐሳብ ከዚህ ይመነጫል። ያለፉ ዓመታት ናቸው እየተባሉ በቴሌግራም የሚዞሩት ጥያቄዎች ብዙዎቹ መልሳቸው የተሳሳተ ነው። ትክክል ቢሆኑም መልሱን በፊደሉ መያዝ፣ «17 ቢ፣ 18 ዲ» እያሉ፣ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ጉባኤ እንደመቆም ነው። ጥያቄዎቹ ይጠቅማሉ፤ የሚጠቅሙት ግን መልሱን ከማየት በፊት መልሶ፣ ከዚያ ለአራቱም አማራጭ ምክንያት ለሚሰጥ ሰው ነው። ይሄኛው ለምን ልክ ሆነ? ያኛው ለምን ስህተት ሆነ? በምን ዓይነት በሽተኛ ላይ ደግሞ ልክ ይሆን ነበር? አንድ ጥያቄ እንዲህ ሲመረመር አራት ጥያቄ ይሆናል። በቀን እንዲህ የተሠሩ ሠላሳ ጥያቄዎች ገረፍ ገረፍ ከተደረጉ ሁለት መቶ ይበልጣሉ ብዬ አምናለሁ።

ሒሳቡ ለብቻው መነሳት አለበት፤ ልጆቻችን የሚፈሩት እሱን ነው። አንድ ሺህ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በስምንት ሰዓት ይግባ ተባለ፤ የመስጫው ቱቦ አንድ ሚሊ ሊትሩን በ20 ጠብታ የሚሰጥ ነው። በደቂቃ ስንት ጠብታ? አንድ ሺህ በ20 ሲባዛ 20 ሺህ ጠብታ ነው፤ ስምንት ሰዓት 480 ደቂቃ ነው፤ ሲካፈል 41.67፣ ማለትም 42 ጠብታ። የተሠራ ምሳሌ ማየት ይህን አያስተምርም፤ ባዶ ወረቀት ላይ፣ ቁጥሩ እየተቀያየረ፣ እጅ እስኪለምደው መሥራት ነው። የእህቴ ልጅ የስኳርና የዘይት መጠቅለያ ካርቶን ጀርባ ላይ ትሠራው ነበር። ከስማዳ የመጣች ጓደኛዋ ቁጥር ትሰጣታለች፣ ታስልና ታሳያታለች፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ልብ አድርጌ ያየሁት፣ ጠያቂዋም ከተጠያቂዋ እኩል ትማር እንደነበር ነው። አብነት ትምህርት ቤትም የዘለቀው ተማሪ አዲሱን ያስቀጽላል፤ እያስቀጸለ የራሱን ያጸናል።

ሁለቱ ልጆች ከቀለም ብዕር ይልቅ የሠሩበት አንድ ደብተር ነበራቸው። የሳቱትን ብቻ የሚጽፉበት ነው። በአንዱ ገጽ ጥያቄው፣ በጀርባው ምክንያቱ። በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ ገጹን ሳይገልጡ ይጠያየቃሉ። ሦስት ጊዜ ያለ ስህተት የታለፈ ይሰረዛል። ወሩ ሲያልቅ ከግማሽ በላይ ተሰርዞ ነበር፤ የቀረው ደግሞ ፈተናው ሳያጋልጠው በፊት ደካማ ጎናቸውን ቁልጭ አድርጎ አሳያቸው። ለአንዷ የአእምሮ ጤና መድኃኒቶች፣ ለሌላዋ የሕፃናት ፈሳሽ አተካክ። ሰው ለራሱ ሲተው የሚያጠናው የሚወደውን ነው፤ ደብተሩ ግን የሚጠላውን ያመጣበታል።

በዲፕሎማ በየጤና ጣቢያው እየሠሩ ለዲግሪው ፈተና ለሚዘጋጁትም ይኸው ይሠራል። ሌሊት ዲውቲ ያደረች ነርስ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብላ ማንበብ አትችልም፤ አትሞክረው። እንቅልፏን ትተኛ፤ የተጠናው ነገር የሚረጋው በእንቅልፍ ውስጥም ነው። በየበሽተኛው አልጋ ዳር ግን አንድ ጥያቄ ራሷን መጠየቅ ትችላለች፤ ይህን መድኃኒት አሁን ባልሰጠውስ? ለምን? ከቆላው የመጣ ወባ የያዘው ልጅ፣ ከደጋ የመጣች የሳንባ ምች ያለባት ሕፃን፣ እነሱ ከማንኛውም ሀንድአውት የተሻሉ ኬዞች ናቸው። ያየችውን ለእናቷ በአማርኛ ማስረዳት ከቻለች ገብቷታል። በእንግሊዝኛ ብቻ የምትለው ከሆነ ገና ነው።

ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችንም ከዚሁ ጋር ይታገላሉ። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ አካባቢ በርካታ ኢትዮጵያውያን ኤንክሌክስ የተባለውን የአሜሪካ የነርሶች ፈቃድ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ በተፈታኙ መልስ እየተመራ ጥያቄውን ያከብዳል ወይም ያቀልላል፤ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ በአምስት ሰዓት ውስጥ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ሚያዝያ ወዲህ ደግሞ ሙሉ የበሽተኛ ታሪክ እያቀረበ የነርሷን ፍርድ የሚመዝኑ ጥያቄዎች ተጨምረውበታል። እዚያ ያሉ ዘመዶቼ ለጥያቄ ባንክ በዶላር ይከፍላሉ። ባንኩ የሚያደርግላቸው ጠይቆ፣ ሲሳሳቱ አርሞ፣ ምክንያቱን ነግሮ፣ ከቀናት በኋላ እንደገና መጠየቅ ነው። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው «የኔታን ገዝተው ነዋ» አሉኝ፤ ከልባቸው ነበር።

ለፈተናው ወደ ደብረ ታቦር የምንሄድበት ጠዋት ውርጭ ነበር። ሚኒባሱ ከነፋስ መውጫ ወጥቶ ክምር ድንጋይን ፊት ለፊቱ አድርጎ ሲነዳ የጉና ራስ በደመና ተሸፍኖ ነበር። ሀንድአውቶቹ ቤት ቀርተዋል። የእህቴ ልጅ የያዘችው ያን ደብተር ብቻ ነው፤ እሱንም አልገለጠችውም። አጠገቧ የተቀመጠችው የስማዳዋ ጓደኛዋ መስኮቱን እያየች ድንገት ጠየቀቻት።

«ማግኒዥየም ላይ ያለች እናት፤ ትንፋሿ በደቂቃ አስር ሆነ። ምን ታደርጊያለሽ?»

«መድኃኒቱን አቆማለሁ። የአየር ቧንቧዋን አያለሁ፣ ትንፋሿን አግዛለሁ። ካልሲየም ግሉኮኔት፣ አንድ ግራም፣ በደም ሥር፣ ቀስ ብዬ።»

«ለምን ካልሲየም?»

ልጅቱ ዝም አለች። ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች፤ አያቷ ዜማ ሲፈልጉ እንደሚያደርጉት። ጓደኛዋም አላቻኮለቻትም።